ሁለት ፊደል ለአንዲት «ሸ»

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጀርባ፣ ግድግዳው ክረምት ከበጋ የሚያልበው ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ሸሚዝ እየተኮሰች እንግሊዝኛ ትማር ነበር። አስተማሪ አልነበራትም። አስተማሪዋም ተማሪዋም ራሷ ነበረች፤ ስትሳሳት የምትቆጣውም፣ ተቆጥታ የምታኮርፈውም እሷው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችው እናቷ በሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ለተማሩ ሰዎች ያላት አክብሮት ቀነሰ እንጂ ለትምህርት ያላት ፍቅር ንቅንቅ አላለም። የሥራ ባልደረቦቿ «ሊቋ» ይሏታል። ሲጀምሩ ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስለተሸከመችው ሹፈቱ አፋቸው ላይ ደረቀ።

የወንድ ሸሚዝ ተተኩሶ ሲታጠፍ ቅርጹን እንዲይዝ መሐሉ ካርቶን ይገባበታል። ካርቶኑ በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላው በኩል አመድማ ነው። ጥጉ የታጠፈ ወይም እርጥበት የነካው ወደ ቆሻሻ ይጣላል። ሊቋ ከቆሻሻው ቀድማ ታነሳዋለች። በአመድማው በኩል ትጽፍበታለች፤ በአንድ ካርቶን አንድ ጥንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከሥሩ ያን ጥንድ የያዙ አጫጭር ቃላት፣ ከየቃሉ ጎን ፍቺው። ቃላቱን የማትለቅምበት ቦታ የለም፤ ከሳሙና ከረጢት ላይ፣ ከማሽን መመሪያ፣ እንግዶች ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ከረሱት ወረቀት። ፍቺውን ሽፋኑ ከተገነጠለ አሮጌ መዝገበ ቃላት ትወስዳለች፤ ግን እንዳለ አትወስደውም። «ቃል ካልነከሰኝ አልይዘውም» ትላለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥርስ ታበቅልለታለች።

ያን ሳምንት የያዘችው ካርቶን ላይ ያሉት «ኤስ» እና «ኤች» ጎን ለጎን የሚቆሙባቸው ቃላት ነበሩ።

«ምን ዓይነት ድህነት ነው በይኝ?» አለቻት ለማጠቢያዋ ሴት። ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ አረፋ ውስጥ ስለምትውል «ሳሙኒት» ነው የምትባለው። «ለአንዲት ‹ሸ› ሁለት ፊደል አዋጥተው! እኛ አንዲት ‹ሸ› ከነሰባት ልጆቿ ቁጭ ብላልናለች።»

«ታዲያ እነሱ እንዲህ ድሃ ከሆኑ» አለች ሳሙኒት፣ ክንዷን እስከ ብብቷ በአረፋ ነክራ፣ «ሸሚዛቸውን የምናጥበው እኛ ለምንድን ነው?»

ሊቋን ግን እየቆየች ያስተዋለችው ነገር አንጀቷን እያሳረራት ነበር። የምድር ቤቱ ሥራ በሙሉ በዚያች ጥንድ ሥር ታጉሯል። ማጠብ «ዋሽ»፣ ሳህን «ዲሽ»፣ ብሩሽ «ብራሽ»፣ አመድ «አሽ»፣ ቆሻሻ «ትራሽ»፣ ጫማ «ሹ»፣ መደርደሪያ «ሼልፍ»፣ መጣደፍ «ራሽ»። «አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለእኛ ብሎ የፈጠራት ፊደል ናት» አለች፣ እንፋሎቱን እየለቀቀች።

በዚያው ሳምንት ከሠራተኞች መግቢያ በር አጠገብ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ሰው ስለሚፈለግ፣ ከሆቴሉ ሠራተኞች መካከል እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ሐሙስ ዕለት በሥራ አስኪያጁ ይፈተናል። የትምህርት ደረጃ አይጠይቅም። ሊቋ ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። በሕይወቷ ያየችው በር ሁሉ ስምንተኛ ክፍልን አይቶ የሚዘጋ ነበር፤ ይህ ግን ረስቶም ይሁን ሰንፎ ክፍቱን ቀርቷል። ስሟን አስመዘገበች። ከእሷ ሌላ የተመዘገበችው ከላይ ምግብ ቤት የምትሠራ አንዲት አስተናጋጅ ብቻ ነበረች፤ «እንኳን ደህና መጡ» ስትል ድምፅዋ ቅቤ የሚያቀልጥ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንግሊዝኛዋ የሚያልቅባት።

«ይቺን እንኳን በግራ እጅሽ ትጥያታለሽ» አለቻት ሳሙኒት።

«በግራ እጄ ካውያ ይዤ» አለች ሊቋ።

አሁን ስለ አክስቷ እንናገር። ሊቋ «እቴቴ» ነው የምትላት። እናቷ ስትሞት የተቀበለቻት እሷ ናት፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል፣ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለው አብረው ይኖራሉ። እዚህ ሥራም ያስገባቻት እሷ ናት። እቴቴ በዚህ ምድር ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ አጥፋለች። እጇ ልብሱን ሲነካው ልብሱ ራሱ የሚታጠፍ ይመስላል፤ ጠርዝ ከጠርዝ ይገጥማል፣ አንገት ቀጥ ይላል፣ እጅጌ እንደታዘዘ ወደ ኋላው ይተኛል። ከዓመት በፊት ግን ዓይኗን ሞራ ይጋርደው ጀመር። ሐኪሙ ይገፈፋል፣ ለዚህም ለተወሰኑ ሳምንታት ከሥራ ማረፍ ያስፈልጋል አላት። እቴቴ ሰምታ እንዳልሰማች ወጣች። ከእሷ ጎን አንሶላ ታጥፍ የነበረችው ሴት ወገቧን አሟት ሁለት ሳምንት አርፋ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ቆማ አግኝታለች። የእቴቴ ልጅ ደግሞ የነርስ ትምህርቷን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ የምትኖረውም እዚያው በትምህርት ቤቱ ማደሪያ ነው።

ስለዚህ እቴቴና ሊቋ የዓይኑን ነገር ሆድ ይፍጀው ተባባሉ። ሊቋ ልብሶቹ ላይ የተሰፋውን የክፍል ቁጥር ጮክ ብላ ትጠራለች፤ «ሦስት መቶ ሰባት! ሰማያዊ ባለ መስመር!» እቴቴ ሰምታ ከየክምሩ ትመድባለች። ሌሎቹ የልጅቷ አመል ነው ብለው ያስባሉ። «ይቺ ልጅ ተኝታም ቁጥር ትጠራ ይሆናል» ትላለች ሳሙኒት። ሠራተኞቹ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሸሚዝ አጥፎ የጨረሰ ሰው የቁጥሩን ወረቀት በስፒል ይሰካበታል። እቴቴ ሁለት ቁጥር ናት። ስፒሉን ግን አንዳንዴ ጣቷ ላይ ትሰካዋለች፤ ደሙን ጠብ ሳይል መጥጣ ማጠፏን ትቀጥላለች።

ማክሰኞ ዕለት ከረፋዱ አምስት ሰዓት የሚወጣ የጉብኝት ቡድን ነበር፤ ምድር ቤቱ ታምሷል። ሊቋ ያቺን ካርቶን ከውሃ መርጫው ጠርሙስ ላይ አስደግፋ እያየች ትተኩሳለች። መሐል ላይ የግድግዳው ስልክ ጮኸ። ከላይ ሲደውሉ አንዳንዴ እንግዳ ራሱ ይሆናል፤ ያን የምትመልሰው እሷ ብቻ ናት፤ ደግሞም ሲሰሟት ደስ ይላታል፣ ምን ይደበቃል። ካውያውን አቁማ ሄደች። በዚያች ቅጽበት የእቴቴ የካርቶን ክምር አለቀ። እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ካርቶን ነካ። ወሰደችው። ከአንድ ነጭ ሸሚዝ ጀርባ አስገባችው፣ አጠፈች፣ ቁጥሯን ሰካች፣ ወደ መደርደሪያው ላከች።

ሊቋ ተመልሳ ካርቶኗን ስታጣ ወደ መሬት ጎንበስ አለች፤ ከቆሻሻው ጋር ተጠርጎ ይሆናል ብላ ተወችው። ቃላቱ እንደሆኑ ጭንቅላቷ ውስጥ ናቸው።

ሸሚዙ የማን ነበር? የ«ሰባት ቁጥር» ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሦስት መቶ ሰባት ውስጥ ለወራት የተቀመጠ፣ የአንድ ድርጅት አማካሪ የሆነ የአገር ሰው። በምድር ቤት የሚታወቀው በአንገቱ ነው፤ ፊቱን አንዳቸውም አይተውት አያውቁም፣ የሸሚዙን አንገት ግን በየቀኑ ይፈትጋሉ።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ይህ ሰው ላይኛው ፎቅ ላይ እያለ የአሥራ አምስት ዓመት እንግዳ እንኳን «እርስዎ» ይላል። «እርስዎ» ግን ደረጃውን አብራው አትወርድም፤ ከታች ሁሉም ሰው «አንቺ» ነው፣ ሽበት ያላትም የሌላትም። እጁ ላይ ካርቶን ይዟል። ማሽኖቹን አስጠፋ። የቧንቧው ጠብታ ይሰማ ጀመር።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

ማንም ሊቋን ከማየት አልተቆጠበም።

«የእኔ ነው» አለች።

«እስኪ ላንብብላችሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ሺ፦ እሷ። ከምድር ቤት በታች ሌላ ምድር ቤት ስለሌለ እዚህ የቀረች።› ጥሩ። ‹ዋሽ፦ ማጠብ፤ ሌላው ያቆሸሸውን።› ‹ሼም፦ ሃፍረት። ፎጣችንን ሻንጣው ውስጥ ከቶ የሚሄድ እንግዳ ሻንጣው ስለሞላ ትቶት የሚሄደው ዕቃ።›»

ሳሙኒት የሳቋን ጫፍ በሳል ለወጠችው።

«‹ሸርት፦ ሸሚዝ። የሰባት ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ አንገቱ ይታጠባል፣ ቀጥሎ አንገቱ ይታጠባል፣ ከዚያ የተረፈው ሸሚዝ ይታጠባል።› ይሄን ሰባት ቁጥር ራሱ ነው ያነበበልኝ። እንግዳ መቀበያው ፊት፣ ሰው ተሰብስቦ እያለ። እና የመጨረሻው።» ቆም አለ። ባያነብበው ሳይሻለው አልቀረም ነበር፤ ግን ጀምሮታል። «‹ሃሽ፦ ዝም በይ። በሥራ አስኪያጁ ቋንቋ እንደምን አደርሽ ማለት ነው።›»

በዚህ ጊዜ ሳል ያልያዘው ሰው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከቶ አንዲት ትንሽ ወረቀት ከነስፒሏ አወጣ። «ሸሚዙ ላይ የተሰካችው ሁለት ቁጥር ናት። ሁለት ቁጥር ማን ናት?»

እቴቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ ነኝ።»

«ይሄን ሁሉ የቀለም ዝንብ አላየሽም?»

እቴቴ ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት አዙራ፣ ከሰውየው ትከሻ በላይ ትንሽ ወደ ግራ እያየች ቆማለች። ሊቋ ብቻ ናት ያቺ «ትንሽ ወደ ግራ» ምን እንደሆነች የምታውቀው።

«አይቼዋለሁ» አለች እቴቴ።

«አይተሽ ነው የከተትሽው?»

«እሷን ጠየቅኳት» አለች፣ በአገጯ ወደ ሊቋ አቅጣጫ እያመለከተች፤ አቅጣጫውን አልሳተችውም። «‹ይሄ ምንድን ነው?› አልኳት። ‹ክተቺው፣ የቢሮ ነው› አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተማረችው እሷ ናት።»

ቃሏ አልተንቀጠቀጠም። ሊቋ አፈጠጠችባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐሰት ተናግራ የማታውቅ ሴት አንድ ቀን ስትናገር እንዴት ታስተካክለዋለች!

«አንቺ» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሊቋ ዞሮ። «ነገ ፈተና አለሽ። ስለዚህ በደንብ አስበሽ መልሺልኝ። ሰው ለራሱ ያሻውን ይጽፋል፤ አልወደውም፣ ግን ይጽፋል። በስህተት ገብቶ ከሆነ ለሰውየው ‹ስህተት ነው› ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያልፋል። ሆን ተብሎ ከሆነ ግን እንግዳን መስደብ ነው። የቱ ነው?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልጋት። «እቴቴ አታይም።» ከሁለት ቃል አይበልጥም፤ የእንግሊዝኛዎቹን ያህል አጭር ነው። ቢወጣ በሩ ይከፈታል። ቢወጣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ቁጥር ቦታ ሌላ ሴት ትቆማለች። ሊቋ ይህን ሁሉ ያሰበችው ጻድቅ ስለሆነች አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት አክስቷን በፀጉሯ ይዛ ብትጎትታት ደስ ባላት። ግን ይሄ ሰው ፊት፣ «አንቺ» እያለ ሽበት የሚያቃልል ሰው ፊት፣ የእቴቴን ዓይን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አልሆነላትም። ኩራቷ እንቢ አለ። ደግነት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀላት ነበር።

«እኔ ነኝ ክተቺው ያልኳት» አለች።

«ጥሩ።» ሰውየው ካርቶኑን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «ስምሽ ስለተመዘገበ ከፈተናው አልሰርዝሽም። ደንብ ደንብ ነው። ማሽኖቹን ክፈቱ።»

ሲወጣ ሳሙኒት ወደ ሊቋ ተጠግታ፣ «አንቺ ልጅ፣ እውነት ሆን ብለሽ ነው? እንደዚያ ከሆነማ እግርሽን ልሳም» አለቻት።

ሊቋ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። እቴቴ ሌላ ሸሚዝ አንስታ ማጠፍ ጀምራ ነበር። ያን ቀን ሊቋ ቁጥሮቹን የጠራችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ መጥራቱን ግን አልተወችም።

ሐሙስ ደረጃውን ወጣች። ሽርጧን አውልቃ፣ ራሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሳ። ልቧ ውስጥ አንዲት ቀጭን ተስፋ ተንጠልጥላለች፤ «እንከን የለሽ ሆኜ ብመልስስ? የሚያሳብብበት ቢያጣስ?» አስተናጋጇ ቀድማ ገብታ ወጥታለች፤ በሩ ላይ ሲተላለፉ «ከባድ ነው፣ እኅቴ፣ በጣም ከባድ ነው» አለቻት፣ ድምፅዋ አሁንም ቅቤ እንደሆነ።

ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሆኖ ተጫወተ። ክፍሌ ውስጥ ውሃ የለም አላት፤ መለሰችለት። ቁልፍ ጠፋብኝ፤ መለሰች። ሻንጣዬ ተሰረቀ ብሎ ሲጮህባት እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወንበር አቀረበችለት፤ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀችው፤ መቼ፣ የት፣ ምን ዓይነት ሻንጣ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ደብዳቤ ሰጣት፤ እንደ ውሃ አነበበችው። ከዚያ የቃል ፍቺ ጥየቃ ጀመረ። አጫጭሮቹን ጨረሰ፣ ረጃጅሞቹን ጨረሰ፣ የእሱ ቃላት ከእሷ በፊት አለቁ። ወረቀቱን አገላበጠ፤ ሌላ ነገር የለበትም።

«እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ፣ የማይዋጥ ነገር እንደሚውጥ ሰው። «እኔን ያስቸገረኝ አማርኛሽ ነው።»

«አማርኛዬ ምን ሆነ?»

«ይነክሳል። እንግዳ ፊት የሚቆም ሰው ስለ እንግዳው ያሰበውን በልቡ ይይዛል። አንቺ ጽፈሽ ሸሚዙ ውስጥ ከተትሽለት።» እጁን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ። ከእጁ አጠገብ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት አዲስ ባጅ ነበር፤ ስም ገና አልተጻፈበትም። «ልንገርሽ፣ ያቺ ሌላዋ ሦስት ጥያቄ አልመለሰችም። በስህተት ቢሆን ኖሮ ይሄ ያንቺ ነበር።»

ሊቋ ባጁን አየችው። ትንሽ ነገር ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም አይበልጥም።

ሰውየው ወደፊት ጎንበስ አለ። ድምፁን ለስለስ አደረገው፤ ይህ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። «አሁን እኔና አንቺ ብቻ ነን። እኔ ሞኝ አይደለሁም። ትናንት ስጠይቃት የምታየው እኔን አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ነበር። አክስትሽ ዓይኗ እንዴት ነው?»

ሁለተኛ ዕድል ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጠው፤ በለስላሳ ድምፅ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይሰማ። ማንም አያውቅባትም ነበር። እቴቴ ራሷ እንኳን አታውቅም።

«እቴቴ ከእኔ በተሻለ ታያለች» አለች ሊቋ። «እርስዎ ላይ መፍጠጥ ፈርታ ነው። ሲወርዱ ሁላችንም ግድግዳ ነው የምናየው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላው ተደገፈ። «አየሽ?» አለ። «ነከሰ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አስተናጋጇ ባጁን አድርጋ ታየች።

ቤት ሲደርሱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በመንገድ ላይ አልተነጋገሩም ነበር። እቴቴ ጫማዋን አውልቃ፣ በእጇ ዳብሳ ጎን ለጎን አቆመችና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል። ‹አማርኛሽ ይነክሳል› አለኝ።»

«ስለ እኔ ምን አለ?»

ሊቋ ልትዋሽ ትችል ነበር። በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ዋሽታለች፤ ሦስተኛው ግን ደከማት። «ስለ ዓይንሽ ጠየቀኝ።»

እቴቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተዘጋ። «ነገርሽው።»

«አልነገርኩትም! ‹ከእኔ በተሻለ ታያለች› አልኩት።»

«ካልነገርሽው በምን አወቀ?»

«አላወቀም፣ ጠረጠረ። ዓይኑን ሳታዪው ቀርተሽ ነው፤ ግድግዳ ስታዪ አይቶሻል።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ሳይ ማንም አልጠረጠረ። አንቺ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻሽን ከእሱ ጋር ገብተሽ ስትወጪ ጠረጠረ?»

«እቴቴ፣ ሥራውን እኮ አጣሁት! ብነግረው ኖሮ አጣው ነበር?»

«ነግረሽውም ታጪዋለሽ። እሱ እንደሆነ የሚሰጥ ሰው አይደለም።» እቴቴ ይህን ያለችው ሳትጮህ ነው፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ተናደሽብኝ ነበር። ትናንት ፊቱ ሳጋልጥሽ። እኔ ብሆንም እናደዳለሁ። የተናደደ ሰው አፉ አይታመንም፤ ያንቺ ደግሞ ሳትናደጅም።»

«ታዲያ ለምን አጋለጥሽኝ?» አለች ሊቋ። ከትናንት ጀምሮ ይዛው የቆየችው ጥያቄ ነው፤ ሲወጣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኖ ወጣ፣ ለዚህም ራሷን ጠላች።

«አንቺ ወጣት ነሽ» አለች እቴቴ። «ሌላ ታገኛለሽ ብዬ።»

«ከየት?»

እቴቴ መጋረጃውን በመሐላቸው ሳበችው።

ዓርብና ቅዳሜ እንደ ጎረቤት «ዋልሽ፣ አደርሽ» ተባባሉ። እቴቴ ምድር ቤቱ ውስጥ ስትሠራ አንዳች ኮቴ በደረጃው ላይ በተሰማ ቁጥር እጇ ይቆማል። ሊቋ ቁጥር ስትጠራ እቴቴ አልሰማ ብላ ልብሱን ወደ ፊቷ አስጠግታ በጣቷ የተሰፋውን ክር ትዳብሳለች። ሁለት ሸሚዝ ክፍል ተሳስቶ ሄደ። ልብሱን ወደየክፍሉ የሚያደርሰው አሳላፊ መልሶ ሲያመጣቸው ሊቋ «የእኔ ስህተት ነው» አለች፤ እቴቴም ይህን ሰምታ እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ማስፈራሪያ ወሰደችው።

እሑድ ጠዋት ሊቋ ውሃ ቀድታ ስትመለስ መጋረጃው ተከፍቶ፣ እቴቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። አልጋው ላይ የሊቋ ልብሶች አሉ። እቴቴ አንድ በአንድ እያነሳች ታጥፋለች፤ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ያቺን የፈተናዋን ሸሚዝ። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሙሉ ሆኖ ወድቋል፤ ዓይኗ ግን አንዴም ወደ እጇ አልወረደም።

«ሳሙኒት ቤት ትርፍ አልጋ አለ ብላለች» አለች እቴቴ። «ጠየቅኳት። ለጊዜው።»

ሊቋ ባልዲውን አስቀመጠች። «እያባረርሽኝ ነው?»

«አብረሽኝ ከኖርሽ ቀን ከሌሊት ‹ዛሬ ትነግራለች፣ ነገ ትነግራለች› እያልኩ መኖሬ ነው። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ነው የቀራት። እንቅልፍ ያስፈልገኛል።»

«አልነገርኩትም፣ እቴቴ።»

«ይሁን» አለች።

ያቺ «ይሁን» ማመንም አለማመንም አልነበረባትም። ሊቋ በሕይወቷ ብዙ ቃል ለቅማለች፤ ለዚህኛው ግን ጎኑ ላይ የምትጽፈው ፍቺ አላገኘችለትም።

እቴቴ የመጨረሻዋን ቀሚስ አጥፋ ቦርሳው ውስጥ አስገባች። የቦርሳው አፍ እስኪዘጋ ድረስ እጇ ከልብሶቹ ላይ አልተነሳም፤ ጠርዞቹን ያስተካክላል፣ ያልተጨማደደውን ያለሰልሳል። «ወፍራሙን ሹራብ ከላይ አድርጌዋለሁ» አለች። «የሳሙኒት ቤት ይበርዳል ይባላል።»

ሊቋ ቦርሳውን አነሳች። የምትመልሰው ስለታም ነገር ነበራት፤ ሁልጊዜም አላት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆሞ ነበር። አልተናገረችውም። እስከ ዛሬ ድረስ ባለመናገሯ ትቆጫለች።

ሰኞ ሁለቱም ሥራ ገቡ። እቴቴ ጠረጴዛዋን ወደ ማሽኖቹ አስጠግታ፣ ሳሙኒትን አጠገቧ እንድትሆን ለምናታለች። ሊቋ ከሌላኛው ግድግዳ ሥር ብቻዋን ትተኩሳለች። ከላይ ስልክ ሲደወል አሁን የምታነሳው ማንም የቀረበ ሰው ነው።

ረፋድ ላይ ሳሙኒት እጇን እየጠረገች መጣችና ጆሮዋ ሥር ሆና፣ «ሊቋ፣ አክስትሽ ቁጥር አንብቢልኝ ትለኛለች» አለች። «ዓይኗ ምን ሆነ?»

ሊቋ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳች። ከክፍሉ ማዶ እቴቴ ማጠፏን አቁማ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ ቆማለች፤ ምን እንደምትመልስ ለመስማት።

«አቧራ ገብቶባት ነው» አለች ሊቋ፣ ማሽኖቹን አልፎ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

እቴቴ ጀርባዋን ሰጠቻት።